የጦሳ ኮይን የሥራ ማስታወሻ፦ 16 ዋሌትና 100 ፍሬ ቡና

እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱቄ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ሞባይል እጠግናለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ “ባትሪው አልቆይ አለ” የሚሉ ልጆች በዝተውብኛል። ስልኩን ስከፍተው ሦስት አራት የቴሌግራም ጨዋታ አገኛለሁ። ታፕ፣ ታፕ፣ ታፕ። በኋላ ኮይን ይሰጠናል ይላሉ።

የእህቴ ልጅ ከእነሱ አንዱ ነው። 11ኛ ክፍል ነው። አንዱን ጨዋታ ወራት ሙሉ ሲነካካ ከርሞ፣ ክፍፍሉ ሲደርስ የመጣለት ድርሻ የአንድ ወር ዳታ እንኳ አይገዛም። የጨዋታውን ስም አልጠራም። ልጁ ግን ሱቅ መጥቶ ቁጭ አለና “አጎቴ፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?” አለኝ። ቀን ሙሉ ሲሸከም ውሎ ሒሳቡን የተከለከለ ሰው ፊት ነበር የያዘው። ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

መልሱን በወሬ ልነግረው አልፈለግኩም። የራሳችንን ኮይን ሠርተን፣ ለምናውቃቸው ልጆች አከፋፍለን እናየዋለን። ስሙን ጦሳ አልነው። ከሱቄ በር ቀና ስል የሚታየኝ ተራራ እሱ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ቁርጥ አድርገናል። ሥራው በሙሉ ሴፖሊያ ላይ ነው። ኢቴሪየም እንደ ቢትኮይን ያለ የኮይን መረብ ነው፤ ኮይኑ ኢተር ይባላል። ሴፖሊያ የእሱ መሞከሪያ መረብ ነው። እዚያ ያለው ኢተር ለሙከራ እንጂ ለገበያ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ፣ ማለትም በእነዚህ ኮይኖች፣ መገበያየት በአገራችን ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። እኛም የማንንም ገንዘብ አንነካም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ጠቅላላ ብዛቱን 20,000 ጦሳ አደረግነው። ለልጁ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁትና “በል አከፋፍል” አልኩት። ብዙ አላሰበም። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ለእኔና ለአጎቴ 10,000፣ ለቅርብ ጓደኞቼ 4,000፣ ለሕዝብ 6,000።

አልተቆጣሁትም። እስክሪብቶ የጨበጠ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ይሄንኑ ነው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ከጎኑ ደግሞ ሌሎቹ እንዴት እንዳከፋፈሉ እያነበብን መጻፍ ጀመርን። ማታውን በዚሁ አሳለፍን።

ቢትኮይን የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2009 ነው። አስቀድሞ የተሸጠም ለመሥራች ተብሎ የተቀመጠም ድርሻ አልነበረም። ኮይን የሚያገኘው ኮምፒውተሩን አሠርቶ ብሎክ፣ ማለትም የግብይት መዝገቡን አንድ ገጽ፣ ያገኘ ሰው ነው። ያኔ በአንድ ብሎክ 50 ቢትኮይን ይሰጥ ነበር። በየ210,000 ብሎኩ እየተገመሰ አሁን 3.125 ደርሷል። ቀድሞ የመጣ ብዙ አገኘ፤ ነገር ግን መብራቱን ከፍሎ፣ ማሽኑን አሠርቶ ነው።

ኢቴሪየም በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለ42 ቀናት ኢተርን በቢትኮይን ሸጠ። በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት የመጣ ሰው በአንድ ቢትኮይን 2,000 ኢተር አገኘ። ከዚያ እየቀነሰ 1,337 ደረሰ። ወደ 60 ሚሊዮን ኢተር በሽያጭ ወጣ። ወደ 12 ሚሊዮን ደግሞ ቀድመው ለሠሩትና ለፋውንዴሽኑ ተሰጠ። እዚህ ቀዳሚ ማለት ብሩን አምኖ ቀድሞ የሰጠ ነው። መረቡ ሥራ የጀመረው በዓመቱ ነበር።

ዩኒስዋፕ የሚባለው የኮይን መገበያያ ደግሞ እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ላይ ኮይኑን በነጻ በተነ። ኤርድሮፕ የሚሉት ይሄ ነው። ከዚያ ወር መጀመሪያ በፊት አገልግሎቱን የተጠቀመ ዋሌት (የኮይን ቦርሳ) ሁሉ ዩኒ ከሚባለው ኮይን 400 ደረሰው። ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም። ልጁ እዚህ ላይ ዓይኑ በራ። “ታፕ ሳያደርጉ?” አለ። አዎ፣ ሳያደርጉ። ለተጠቃሚና ለማኅበረሰቡ የተመደበው 60 በመቶ ነው። የሠራተኞቹና የባለሀብቶቹ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ እሱም በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ነበር።

ሦስቱን አይቶ የራሱን ወረቀት እንደገና አየው። ለእኔና ለአጎቴ የሚለውን ሰርዞ 4,000 አደረገው። ለቅርብ ጓደኞቼ የሚለውን ጭራሽ አጠፋው። ለመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 400፤ የዩኒስዋፕን ቁጥር ወዶት ነው። 1,000 ጦሳ በኢተር ለሚሸጥበትና ለሚገዛበት መገበያያ። የተረፈው በኋላ ለሚመጡ ሰዎች።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ስማርት ኮንትራቱን፣ ማለትም መረቡ ላይ ራሱ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ሶሊዲቲ በሚባለው ቋንቋ ጻፍኩ። እንደ ጦሳ ላለ ኮይን የታወቀ ስታንዳርድ ስላለ ብዙ አላስቸገረኝም። የተከራከርነው አንድ መስመር ላይ ብቻ ነው። ልጁ “ካነሰን፣ በኋላ እንጨምራለን” አለ። ሚንት የሚባለውን ትእዛዝ ማለቱ ነው፤ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ አዲስ ኮይን የሚያትምበት በር። በሩ ክፍት ከሆነ ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ወረቀት ዋጋ የለውም። ዛሬ 2 በመቶ ያለህ ሰው ነገ ሳታውቀው 1 በመቶ ትሆናለህ። አወጣሁት። 20,000 ታተመ፣ በሩ ተዘጋ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ለእያንዳንዷ ግብይት ጋዝ የሚባል ክፍያ አለ። በሴፖሊያም ቢሆን የሙከራ ኢተር ያስፈልጋል። እሱን የሚሰጡ ገጾች በእንግሊዝኛ ስማቸው ቧንቧ ማለት ነው። ቧንቧ ውሃ ተቀምጬ ቧንቧ ስፈልግ ዋልኩ። ብዙዎቹ በዋናው መረብ ላይ እውነተኛ ኢተር ካልያዝክ አይሰጡም። አንዱ ግን ላፕቶፑን ለሰዓታት አሠርቶ በልኩ ይከፍላል። እሱን አስጀምሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የዚህ ዓይነት ቧንቧ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 ጋቪን አንድሪሰን የከፈተው ነው። ለመጣ ሰው ሁሉ 5 ቢትኮይን በነጻ ይሰጥ ነበር። ያኔ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ነበርና ዓላማው ሰው እንዲሞክረው ብቻ ነበር። እኔ ከማውቃቸው አከፋፈሎች ሁሉ ለዚህኛው ልቤ ያደላል።

ከሰዓት ልጆቹ ሱቅ መጥተው ሜታማስክ የሚባለውን የዋሌት መተግበሪያ ጫኑ። አዲስ ዋሌት ሲከፈት 12 ቃላት ይሰጣል። ዞር ስል ሁለቱ ቃላቱን ፎቶ አንስተው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፈዋቸዋል። ሥራውን አቁሜ ሁሉንም አስቀመጥኳቸው። 12ቱን ቃላት ያየ ሰው ዋሌቱ የእሱ ነው። የምትደውልበት ባንክ የለም፣ የሚመልስልህ ቅርንጫፍ የለም። “ድርሻህን ውሰድ” እያሉ ቃላቱን የሚጠይቁ ገጾች ሁሉ ሌቦች ናቸው። የሁለቱን ዋሌት አስጥዬ አዲስ አስከፈትኳቸው። በደብተር፣ በእጅ ጻፉት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

መብራት ጠፋ። ላፕቶፑም ሞተ። ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው የመጣው። እስካሁን የተጠራቀመው የሙከራ ኢተር ግን ይበቃናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ምዝገባውን ዘጋሁት። 24 ዋሌት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሱቅ የመጡት ልጆች ያን ያህል አይሆኑም ብዬ ነበር።

ከዚያ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አየሁት። ዘጠኝ ዋሌቶች ለጋዝ የሚሆናቸውን የሙከራ ኢተር ያገኙት ከአንድ አድራሻ ነው። በደቂቃዎች ልዩነት፣ እኩል መጠን፣ ተራ በተራ። አንድ ልጅ ነው ዘጠኙንም የከፈተው። ጠርቼ ጠየቅኩት። አልካደም። “ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው” አለኝ።

እውነቱን ነው። ይሄ የኤርድሮፕ ትልቁ ራስ ምታት ነው፤ ሲቢል ይሉታል። አርቢትረም የሚባለው፣ በኢቴሪየም ላይ የተሠራ መረብ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ላይ ኮይኑን ከ600 ሺህ ለሚበልጡ ዋሌቶች ሲያከፋፍል፣ የአንድ ሰው የሆኑትን ዋሌቶች ለመለየት ያየው አንዱ ነገር ገንዘቡ ከየት ወደ የት እንደሄደ ነው። እኔም ሱቅ ውስጥ የሠራሁት ያንኑ ነው፣ በእስክሪብቶ።

ለልጁ የሸማቾች ማኅበሩን አስታወስኩት። ስኳርና ዘይት ሲመጣ ለአንድ ቤት አንድ ደብተር ነው። በዘጠኝ ስም የሚወስድ ሰው ቢኖር እኮ የሚወስደው ከማኅበሩ አይደለም፣ ከኋላው ከተሰለፉት ስምንት እናቶች ነው። አንገቱን ደፋ። አንዱን አስቀርቼ ስምንቱን ሰረዝኩ። 16 ቀረን። ከሁላችንም ይበልጥ መረቡን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ በነጋታው ዝርዝሩን እንዲያጣራልኝ ለመንኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው ኮይኑን እኔ ለ16ቱም አንድ በአንድ መላክ። ጋዙን እኔ እከፍላለሁ። ሁለተኛው ድርሻቸውን ራሳቸው መጥተው እንዲወስዱ ማድረግ። ትልልቆቹ የሚያደርጉት ሁለተኛውን ነው። ለመቶ ሺዎች መላክ ያከስራል፤ የማይመጣም ሰው አለ።

ለዚህ መርክል ትሪ የሚባል ብልሃት አለ። የ16ቱን አድራሻና መጠን ሃሽ እናደርጋለን፣ ማለትም ወደ አጭር አሻራ እንቀይረዋለን። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያጣመርን እንደገና ሃሽ። ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። ኮንትራቱ ውስጥ የሚገባው ያቺ የመጨረሻዋ አንዷ ብቻ ናት። እያንዳንዱ ልጅ ሲመጣ አራት ሃሽ ብቻ ይዞ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያስመሰክራል። ዝርዝሩ አንድ ሚሊዮን ሰው ቢሆን እንኳ የሚይዘው 20 ሃሽ ነው።

የዘጠኙ ዋሌት ባለቤት ይሄን ከሁሉም ቀድሞ ገባው። ለሌሎቹ በጠመኔ በሩ ላይ ስሎ አስረዳቸው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

የመውሰጃው ቀን። 16 ስልክ፣ አንድ ዋይፋይ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ተሰለፈ። “ውሰድ” የሚለውን ነካ። ጋዙ ተቆረጠ። “ተሳክቷል” አለ። ዋሌቱን ከፈተው። ዜሮ።

እንደገና ከፈተው። ዜሮ። የመጀመሪያ ቀን ሱቅ ይዞት የመጣው ፊት ተመልሶ መጣ። ያን ፊት ሁለተኛ እንዲያየው ያደረግኩት እኔ መሆኔ ከነከነኝ።

ሁሉንም አስቁሜ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። ስህተቱ ቀላል ነበር። ኮንትራቱ ነጥብ አያውቅም። አንድ ጦሳ ለእሱ ከ1 ቀጥሎ 18 ዜሮ ነው። እኔ ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት ባዶ 400 ነው። ልጁ የደረሰው 0.0000000000000004 ጦሳ ነው። ዋሌቱ ይሄን ሁሉ ዜሮ ስለማያሳይ ዜሮ ብሎ ተወው።

መጠኑን ሳስተካክል የ16ቱም ሃሽ ተቀየረ። ስለዚህ የመጨረሻዋ አሻራ ተቀየረች። አሮጌው ኮንትራት አይታረምም፤ አዲስ ማውጣት ግድ ነው። ለልጆቹ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩንም አሳየኋቸው። የፈሰሰውን ጋዝ ከራሴ ተካሁለት። ነገ እንገናኝ ተባብለን ተለያየን።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

16ቱም 400 ጦሳ ወሰዱ። አሥራ ስድስተኛዋ ገበያ ለእናቷ ስታግዝ ውላ ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል ነው የደረሰችው። ቀሪው ዝርዝር ላይ እንዳለች ኮንትራቱ ያውቃል፣ ጠብቋታል። ስልኳ ላይ 400 የሚለውን ስታይ የሳቀችው ሳቅ ለብቻው ይበቃኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ዛሬ መገበያያውን በኮምፒውተር ከመሥራቴ በፊት በእጅ ልናየው ፈለግኩ። እናቴ ቤት ተሰበሰብን። እናቴ ያልተቆላ ቡና ሰጠችኝ። 100 ፍሬ ቆጥሬ ሰፌድ ላይ አፈሰስኩ። ቡናው በኢተር ቦታ ነው። ከጎኑ 1,000 ጦሳ የሚል ወረቀት አስቀመጥኩ። በመገበያያው ገንዳ የሚባለው ይሄ ነው።

ሕጉ አንድ ነው። ቡናው በጦሳው ሲባዛ ሁልጊዜ 100,000 መሆን አለበት። ጦሳ ያመጣ ሰው ቡና ይወስዳል፣ ግን ብዜቱ እንዳይፈርስ። እንደ ዩኒስዋፕ ያሉ ብዙ መገበያያዎች የሚሠሩት በዚህ ወይም በቅርብ ዘመዱ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ 400 ይዞ መጣ። ጦሳው 1,400 ሆነ። 100,000 ለ1,400 ሲካፈል 71.4 ነው። ስለዚህ 28 ፍሬ ከግማሽ ወሰደ። ፍሬዋን በጥርሱ ገምሶ ግማሿን መለሰ። ሁለተኛው ይሄንኑ 400 ይዞ መጣ፣ የደረሰው 16 ነው። ሦስተኛው 10። “እኔም እኮ 400 ነው ያለኝ!” አለ ሦስተኛው። ልክ ነው፣ 400 ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ቡና ግን ተመናምኗል። አሥራ ስድስተኛዋ ስትደርስ አንድ ሙሉ ፍሬ አልደረሳትም። 16ቱ በጠቅላላ 86 ተኩል ፍሬ ወሰዱ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአይስላንዱን አውሮራኮይን የገጠመው ይሄን ይመስላል። ግማሹ ኮይን አስቀድሞ ታትሞ ለአገሩ ዜጋ ሁሉ ተመደበ፣ ለእያንዳንዱ 31.8። በነጻ የመጣ ነገር ነውና ብዙዎቹ እንደወሰዱ ሸጡት። ዋጋው ወረደ።

ቡናውን ሁሉ ወደ ሰፌዱ መለስን። ሁለተኛ ዙር። አሁን መጀመሪያ የሚሸጠው መሥራቹ ነው አልኩ። የእህቴን ልጅ 4,000 ጦሳውን አስያዝኩት። ጦሳው 5,000 ሆነ። ገንዳው ውስጥ መቅረት ያለበት 20 ፍሬ ነው።

80 ፍሬ መቁጠር ጀመረ። በአንድ እጁ አልያዘለትም፣ ነጠላ ተዘረጋለት። ሲጀምር ይስቅ ነበር። 50 ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ሰፌዱ ላይ የቀረችውን ቡና ያይ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ልጅ 400 ይዞ አንድ ፍሬ ከግማሽ ወሰደ። ባለፈው ዙር 28 ተኩል የወሰደው እሱ ነው። 16ቱ ተደምረው 11 ፍሬ ደረሳቸው።

ማንም አልተናገረም። ልጁ ነጠላው ላይ ያለውን ክምር እያየ “እኔን እንዲህ ነው ያደረጉኝ” አለ።

“አብሽር ልጄ” አለችው እናቴ። ጀርባውን ዳበስ አደረገችው።

እንዲህ ነው ያደረጉህ አልልም፣ የዚያን ጨዋታ ደብተር አላየሁም። ያጠፋኸው ነገር እንደሌለ ግን አሁን እኔም ልጁም እናውቃለን። ታፕ ስታደርግ ያደርክበት ሌሊት ብዛት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የሚገባው ማን ስንት እንደያዘና መቼ መሸጥ እንደሚችል ነው። ያ ደግሞ የተጻፈው ገና ስልክህን ሳትከፍት ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የሰፈራችን ዕቁብ ዳኛ ናቸው። ስለ ሰፌዱ ከልጆቹ ሰምተው መጡ። ቁጭ ብለው ሁሉንም አስነገሩኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“የመጀመሪያውን ዕጣ እኮ እኔም ነኝ የምወስደው። የዳኛ ነው። ግን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት እጥላለሁ። ዋስም ጠርቻለሁ። እናንተ ዘንድ ዋሱ ማነው?”

“አንቱ እንዳሉት ዋስ የለንም” አልኳቸው። “ቁልፍ ነው ያለን።”

ይሄ ሰውዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሱትን ነው ሳምንት ሙሉ ሳስረዳ የከረምኩት። ማታውን የቁልፉን ኮንትራት ጻፍኩ። የእኛ 4,000 ጦሳ ለአራት ሳምንት አይነካም። ከዚያ በየሳምንቱ 400 እየተለቀቀ በአሥር ሳምንት ያልቃል። በትልልቆቹ ፕሮጀክቶች የተለመደው አንድ ዓመት ዝግ ሆኖ በቀሪዎቹ ዓመታት ቀስ እያለ መለቀቁ ነው። ቀኖቹ ኮንትራቱ ውስጥ ስላሉ እኔም ብፈልግ አላሳጥራቸውም። ይሄንንም ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው እንዲያነቡት አደረግኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

መገበያያውም ቁልፉም ሴፖሊያ ላይ ወጡ። ገንዳው ውስጥ 1,000 ጦሳና 0.1 የሙከራ ኢተር አለ። ሦስት ልጆች ሸጡ። ቁጥሩ እንደ ቡናው ነው የመጣው። ሌሎቹ አልሸጡም፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የቀረን 8,600 ጦሳ በኋላ ለሚመጡ ነው። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ስድስት ልጆች በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመጣለን ብለዋል። ለእነሱ አዲስ ዝርዝር፣ አዲስ አሻራ ያስፈልጋል። ዜሮዎቹን የሚቆጥረው የዘጠኙ ዋሌት ባለቤት ነው።

ማታ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ጓደኛው አዲስ ኮይን ልኮለታል፣ “ቀድመህ ግባ” ይላል። አብረን አነበብነው። ጠቅላላ ብዛቱ ተጽፏል። የመሥራቾቹ ድርሻ ተጽፏል። መቼ እንደሚለቀቅ የሚል ቦታ ሁለታችንም ፈልገን አጣን።

ጓዳ ገባና አያቱን ሰፌዱን ጠየቃት።